ጎንበስ የማይባልበት ማሽን

እንጦጦ ላይ ሴግዌይ የመጣ ሰሞን ያገሩ ሰው ስም ሊያወጣለት ብዙ ደክሟል። ሁለት ጎማ ጎን ለጎን፣ መሐላቸው መቆሚያ፣ ከፊት አንድ ረጅም እጀታ። ወንበር የለውም፣ ፔዳል የለውም፣ ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ፍሬን የለውም። ቆመው ነው የሚሄዱበት። ባለቤቱ ዱባይ ነግዶ የተመለሰ ሰው ሲሆን «ታሪካዊቷን ከተማ በአንድ ሰዓት» የሚል ባነር አሠርቶ፣ አራት ማሽን ደርድሮ፣ ከአሮጌው ቤተ መንግሥት አጠገብ ተተከለ። ታሪካዊቷ ከተማ የሚላት እንጦጦን ነው፤ ንጉሡ አዲስ አበባን ከመቆርቆራቸው በፊት የከተሙባትን፣ ብርዱ አንገፍግፏቸው ጥለዋት የወረዱትን። እኛ ደግሞ ከስንት ዘመን በኋላ ገንዘብ ከፍለን ወደ ብርዱ መመለስ ጀመርን።

ያኔ ከተማው በሙሉ ተቆፍሮ ነበር። እኔ የምሠራው ጉርድ ሾላ ነው፤ ከቢሯችን ፊት ለፊት ለባቡሩ የተቆፈረውን ጉድጓድ በሳንቃ ተሻግረን እንገባና አንድ ለአምስት ተደራጅተን ስለ ዕድገት እንሰበሰባለን። መብራት ሲጠፋ ስብሰባው ይቋረጣል፤ ዕድገቱም አብሮ ይቋረጣል። በዚህ መሐል በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነገር አምጥቶ ተራራ ላይ ማቆም ድፍረት ይጠይቃል። ሰውየው ጄኔሬተር ስለነበረው ደፈረ።

እኔ ግን እዚያ የወጣሁት ታሪክ ናፍቆኝ አልነበረም። አስጎብኚዋን ላገባ ነበር።

ከእሷ ጋር ከተዋደድን ቆይተናል። በእኛ በኩል የጎደለ ነገር አልነበረም፤ ችግሩ አባቷ ናቸው። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሥር፣ ከባሕር ዛፉ መሐል ያለችው ትንሽ መንደር ውስጥ ተወልደው እዚያው ያረጁ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ እሷን ብቻቸውን አሳድገዋል። ጎረቤት ሲጣላ የሚጠሩት፣ ውርስ ሲከፈል መሐል የሚቀመጡት፣ ልጃገረድ ልትጠየቅ ሲሆን በሽምግልና የሚላኩት እሳቸው ናቸው። እኔ ደግሞ ጴንጤ ነኝ። ወላጆቼ ከሆሳዕና መጥተው የካ ሚካኤል አጠገብ ነው ጎጆ የቀለሱት። የሚካኤል ቅዳሴ በድምፅ ማጉያ ቤታችን ሲገባ እናቴ የእኛን መዝሙር ከፍ ታደርጋለች። ከጎረቤቶቻችን ጋር ግን ለቅሶም ሠርግም ለይቶን አያውቅም።

አንድ ቀን እሷ የነገሩን ጫፍ ለአባቷ ጣል ብታደርግላቸው፣ «በኪዳነ ምሕረት ደጃፍ ወገቡ ሳይታጠፍ ለሚያልፍ ሰው ልጄን አልሰጥም» አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ጉዳዩ አላነሡም። እኛም ሌላ መንገድ ስላጣን ሽማግሌ ልንልክ ቆረጥን፤ ቀኑም ለእሑድ ተቆረጠ። ለሽማግሌ ሽማግሌ መላክ ለቀባሪ ማርዳት መሆኑ ጠፍቶን አይደለም። ግን እሳቸው እንቢ ካሉ እሷ አባቷን ጥላ እንደማትመጣ ነግራኛለች፤ ብትመጣም እኔ ለእሷ እንዲያ አልመኝም ነበር። ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በአንድ ሽማግሌ አፍ ላይ ነው፤ እኔም ሽማግሌውን አይቻቸው አላውቅም።

«አንዴ ልያቸው» አልኳት።

«ምን ያደርግልሃል?»

«የሚከለክለኝን ሰው መልክ ልወቀው።»

«መልኩ የኔው ነው፤ ጢም ጨምርበት።»

ለምኜ ለምኜ ሰፈራቸውን ብቻ እንዳይ አስፈቀድኳት። ቅዳሜ ከሰዓት እንደማንኛውም ጎብኚ ተመዝግቤ እወጣለሁ። አባቷ ለቅሶ ቤት ስለሚውሉ አያጋጥሙኝም፤ ደጃፋቸውን፣ ሰፈራቸውን፣ የሚቀመጡባትን አግዳሚ ወንበር አይቼ ደስ ብሎኝ እመለሳለሁ። ይህን ያህል ቀላል ነበር።

ቅዳሜ ስደርስ ከእኔ ሌላ የመጡት ባልና ሚስት ናቸው፤ ጉርድ ሾላ ጫማ የሚሸጡ፣ የጋብቻቸውን ቀን ሊያከብሩ የወጡ። አስጎብኚዋ የራስ ቁር ለብሳ፣ ፊሽካ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ እንደማታውቀኝ ሆና ትምህርቱን ጀመረች። «ወደ ፊት ዘንበል ስትሉ ይሄዳል። በጣም ስታዘነብሉ ይፈጥናል። ለማቆም ቀጥ ማለት፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ደገፍ ማለት ነው። ሌላ ነገር የለውም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «እርስዎ ወንድሜ፣ ጉልበትዎን ላላ ያድርጉት፣ አይፍሩ» አለችኝ። «እርስዎ» ስትለኝ የተደሰተችበትን ያህል በሌላ ነገር ስትደሰት አላየሁም።

ማሽኑ መጥፎ አልነበረም። የተሠራው ግን ለፈረንጅ ነው። ፈረንጅ ሰላም ሲል እጁን ያነሣል፤ እኛ ወገባችንን እናጥፋለን። የእኛ ሰው ጎንበስ ሳይል አንዲት ሰፈር አያልፍም፤ ለሽማግሌ ጎንበስ፣ ለቀብር ጎንበስ፣ ለቤተ ክርስቲያን ጎንበስ። በዚያ ማሽን ላይ ደግሞ ጎንበስ ያለ ሰው ነዳጅ ረገጠ ማለት ነው።

ይህን መጀመሪያ ያስተማረን ጫማ ነጋዴው ነው። ገና ከመነሣታችን የማርያም ጉልላት ታየው። ባርኔጣውን አወለቀ፣ ማተቡን ነካ፣ ጎንበስ አለ። ማሽኑም ይዞት ተፈተለከና ባሕር ዛፉ ውስጥ ከተተው። ሚስቱ «እኔን» ብላ ወደ እሱ ስታጎነብስ እሷም ተከተለችው። ሁለቱንም ከቅጠሉ ውስጥ ለቅመን ስናወጣቸው ምንም አልሆኑም፤ እሱ ግን ባርኔጣውን እያራገፈ «ማርያም ገፈተረችኝ ማለት ነው?» ብሎ አጥብቆ ጠየቀ።

አስጎብኚያችን ለዚህ የራሷ ዘዴ ነበራት። ከመጣች ጀምሮ ብዙ ጎብኚ ከባሕር ዛፍ ውስጥ ስላወጣች ማሽኑን የሚያታልል ሰላምታ ፈጥራለች። ጭንቅላት ወደ ፊት ይሄዳል፤ መቀመጫ በዚያው ልክ ወደ ኋላ ይሄዳል። አገጭ ሰላም ይላል፣ ዳሌ ሚዛን ይጠብቃል። አሳየችን። ዳክዬ ትመስላለች፤ ማሽኑ ግን ንቅንቅ አላለም። «መሳለም የምትፈልጉ እንዲህ፤ በደንብ መሳለም የምትፈልጉ ወርዳችሁ» አለች። ባልና ሚስቱ ሜዳው ላይ እየተሳሳቁ ዳክዬውን ተለማመዱ።

እኔ አልተለማመድኩም። በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቀጥ ብዬ ማለፍ ልማዴ ስለሆነ ዳክዬው አያስፈልገኝም ብዬ ኮራሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሃይማኖቴ የትራፊክ ጥቅም አስገኘልኝ። ማርያምን ባልና ሚስቱ እየተንገዳገዱ ሲያልፉ እኔ እንደ ባንዲራ ዘንግ ቆሜ አለፍኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ኩራት ነው።

ዳገቱ መሐል ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች አገኘን። አንዷ እናት ከጭነታቸው ሥር ቀና ለማለት እየሞከሩ ተራ በተራ አዩን። «ልጆቼ፣ እግራችሁን ምን ነካው?» አሉ።

እሳቸው ተራራ የሚያህል ቅጠል ተሸክመው ጎብጠው፣ እኛ ጤነኞቹ ቀጥ ብለን እየተንሳፈፍን ማለፋችን አሳፈረኝ። «እንደምን ዋሉ እናቴ» ልል ጎንበስ ስል ማሽኑ ነጠቀኝ። «እንደምን» ያልኩት አጠገባቸው ነው፤ «እናቴ» ስል መታጠፊያው ጋ ደርሻለሁ። እንደምንም ወደ ኋላ ተደግፌ ቆምኩ።

አስጎብኚያችን ደርሳብኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እርስዎ»ውን ረስታው፣ «ለማንም እንዳትሰግድ። ቀጥ በል። እዚህ መንገድ ላይ ሰው የለም በል» አለችኝ።

እናቴ ናት ያበላሸችኝ። ልጅ ሆኜ ሽማግሌ ባለፈ ቁጥር እጇን ማጅራቴ ላይ አድርጋ ወደ መሬት ትጫነኝ ነበር። «ለበር አይሰገድም፤ ሽማግሌ ግን በር አይደለም» ትላለች። እጇን ካነሣችልኝ ስንት ዘመን ሆኖታል፤ ማጅራቴ ግን አልረሳውም። ወንበር ላይ የተቀመጠ አዛውንት ባየሁ ቁጥር ወገቤ ሳያማክረኝ ይታጠፋል።

ኪዳነ ምሕረት ስንደርስ ጸሎት ያደረሱ ባልቴቶች ከግቢው እየወጡ ነበር። ከበሩ አጠገብ ባለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ጋቢ የለበሱ፣ ከዘራ የያዙ አዛውንት ተቀምጠዋል። ዓይኔ እንዳረፈባቸው አወቅኳቸው። የእሷ መልክ ነው፣ ጢም ተጨምሮበት።

ለቅሶው ቶሎ ተፈቷል ማለት ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ከፊቴ የምትሄደው አስጎብኚ ትከሻዋ ሲደርቅ ታየኝ። ዳክዬዋን ሠርታ ሰላም አለቻቸውና አለፍ ብላ ወረደች። ባልና ሚስቱም ዳክዬያቸውን ሠርተው አለፉ። የቀረሁት እኔ ነኝ። ቀጥ ብዬ ባልፍ፣ በኪዳነ ምሕረት ደጃፍ ወገቡ ሳይታጠፍ የሚያልፈውን ሰው አባቷ በገዛ ዓይናቸው ሊያዩት ነው። ጎንበስ ብል ማሽኑ አለ። በጣም ፈራሁ። ወደ ኋላ ተደገፍኩና ማሽኑን ገታሁት፤ ቆመ ማለት ይቻላል። እንዲሁ ወርጄ በእግሬ ብሄድ ምናለ ብዬ አንድ እግሬን ላነሣ ነበር።

ሽማግሌው ግን ጨዋ ናቸው። እንግዳ ፊታቸው ቆሞ ሲያዩ ከዘራቸውን ተደግፈው ከወንበራቸው ብድግ አሉና «ኖር» አሉኝ።

አዛውንት ተነሥቶልህ «ኖር» ካለህ ቀጥ ብሎ መቆም የሚባል ነገር የለም። «በእግዜር» ትላለህ፤ «ኧረ በእግዜር፣ ይቀመጡ» እያልክ እስከ ጉልበትህ ትወርዳለህ። እኔም «በእግዜር» አልኩና ወረድኩ። በሙሉ ወገቤ፣ እናቴ እንዳስተማረችኝ።

ማሽኑ እንዲያ ያለ ትእዛዝ ከተሠራ ጀምሮ ደርሶት አያውቅም መሰለኝ። ተወነጨፈ። ሽማግሌው ላይ እንዳልወጣ እጀታውን ጠመዘዝኩት፤ ጋቢያቸውን ታክኬ አለፍኩና የተነሡባትን ወንበር ገልብጬ፣ ሁለት እጄን እንደዘረጋሁ በግንባሬ የቤተ ክርስቲያኑን በር አገኘሁት። ማሽኑ በጎኑ ወድቆ ጎማው ይሽከረከራል። እኔ ደግሞ በሩን እንዳቀፍኩ ቀረሁ። እስትንፋሴ ቀጥ ስላለ መነቃነቅም መናገርም አልቻልኩም።

ባልቴቶቹ ዙሪያዬን ከበቡ። «ስለት ያለበት ነው» አለች አንዷ። «ምን ያህል ቢቸግረው ነው እንዲህ በሩጫ የመጣው» አለች ሌላዋ። «ተዉት፣ አትንኩት፣ እንባውን ያፍስ።» አንዷ ጀርባዬን እየደባበሰች ኪዳነ ምሕረት እንድትሰማኝ ትለምንልኝ ጀመር። ጫማ ነጋዴዋ «እኔን» አለች፤ በዚህ ጊዜ ግን ከማሽኑ ቀድማ ወርዳ ነበር። እኔ አፌን ከፍቼ አየር ስፈልግ እነሱ ሲቃ ነው አሉ።

ሽማግሌው ቀስ ብለው መጡና በብብቴ ይዘው አነሡኝ። እጃቸው ጠንካራ ነው። ግንባሬን አዩት፤ አብጧል።

«ስለት ነው ልጄ?» አሉኝ።

አንዴ ራሴን ብነቀንቅ በቃ። በነጋታው የሚሄዱት ሽማግሌዎች ሥራ አለቀ ማለት ነው። ወገቡ የማይታጠፍ የተባለው ሰውዬ በባልቴቶች ምስክርነት ደጃፉ ላይ ተደፍቶ ተገኝቷል። ከኋላቸው የቆመችውን ልጃቸውን አየኋት። ዓይኗ «አዎ በል» ይበል «እንዳትል» ይበል እስከ ዛሬ አልተስማማንበትም።

«አይደለም አባባ» አልኩ። «ለእርስዎ ነው ያጎነበስኩት።»

«በሩስ?»

«በሩን ተጋጨሁት እንጂ አልተሳለምኩትም።»

ጀርባዬን ትደባብስ የነበረችው ባልቴት እጇን አነሣች። ሽማግሌው የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ከየት እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ሰምተው ወደ ልጃቸው ዞሩና ረጅም ጊዜ አዩዋት፤ እሷ መሬት መሬቱን አየች። ከዚያ ማሽኑ ጋ ሄደው በከዘራቸው ነካ ነካ አደረጉት።

«ፍሬን የለውም?»

«የለውም አባባ። ለማቆም ደረትን ነፍቶ ወደ ኋላ ደገፍ ማለት ነው።»

«ሽማግሌ ፊትም?»

«ሽማግሌ ፊትም።»

«ባለጌ ማሽን ነው» አሉና ወንበራቸውን አቅንተው ተቀመጡ። ፊታቸውንም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዞሩ።

በመልሱ መንገድ ላይ የታሪኩ ገለጻ ቀረ። ጫማ ነጋዴው ንጉሡ ለምን እንደወረዱ ሲጠይቅ «ብርድ ነው» ብላ አሳጠረችው። ማሽኖቹን አስረክበን ለብቻችን ስንሆን፣ «ቀጥ በል አላልኩህም?» አለች።

«ኖር አሉኝ እኮ።»

«ታዲያ ምን ልታደርግ» አለችና አለቀሰች። እኔም ሆድ ባሰኝ። ሁለታችንም ያለቀ ነገር መስሎን ነበር።

በነጋታው ሽማግሌዎቹ ሄዱ። ሦስት ናቸው፤ ከሆሳዕና የመጣው አጎቴ፣ የመሥሪያ ቤት አለቃዬ፣ እና የሰፈራችን ባለሱቅ። ባለሱቁ የስልጤ ሰው ነው፤ ሙስሊም ነው፤ አንደበቱ የተፈታ በመሆኑ ተናጋሪ አድርገን መረጥነው። ግንባሬን ሲያይ ምን ሆነህ ነው አለኝ፤ ሳልጠነቀቅ ነገርኩት። ዓይኑ ሲበራ ነገሩን ለምን እንደነገርኩት ቆጨኝ። እኔ በወጉ መሠረት አብሬ አልሄድኩም፤ ሱቁን ከፍቼ እንድጠብቅለት አደራ ብሎኝ ሳሙናና ሻማ ስሸጥ ዋልኩ። ማታ ሲመለስ የነገረኝ እንዲህ ነው።

ገብተው ቆሙ። ሽማግሌው «ተቀመጡ» አሉ። እነሱም እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። ባለሱቁ ንግግሩን ሲጀምር ሽማግሌው አቋረጡትና፣ «‹ልጅዎን ለልጃችን› ከማለትህ በፊት ስለ ዘሩ መናገር ነበረብህ። ይሁን፣ ቀጥል» አሉት። ለስንቱ ሙሽራ ቆመው የተናገሩትን ንግግር ሌላ ሰው ሲያበላሽባቸው አላስቻላቸውም።

ባለሱቁ ላብ ላብ ሲለው ያን የደበቀውን መዘዘ። «ትናንትና እኮ አይተውታል» አላቸው። «ኪዳነ ምሕረት በር ላይ ግንባሩን አሳርፎ የተሳለመው ልጅ እኮ ነው። ምልክቱ እስካሁን አልጠፋም።»

«አንተ ሙስሊም፣ ልጁ ጴንጤ፣ በሩ የኛ» አሉት ሽማግሌው። «ታዲያ መሳለሙን አንተ በምን አወቅህ?»

ባለሱቁ ወደ አጎቴ ዞረ። በሕይወቱ ንግግር ለሌላ ሰው ሲያስረክብ ያ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

«ልጁ ራሱ አልተሳለምኩም ብሎኛል» ቀጠሉ። «ያን ሁሉ ባልቴት ይዞ፣ አዎ ቢል በበቃው ነበር። እሱ ያልዋሸውን እናንተ አትዋሹለት። ያጎነበሰው ለእኔ ነው፤ እኔን እንዳይጎዳ ብሎ ራሱን ከበር አጋጨ። ጎንበስ ጎንበስ ዕቃ ለማንሳት መሆኑንም አላጣሁትም። ዕቃዋም ይኸው ጓዳ ሆና እየሰማች ነው።»

እሷ «ዕቃ» የተባለችበትን እስከ ዛሬ ይቅር አላለችም።

ከዚያ ሽማግሌው ከዘራቸውን አገላበጡ። «ልጁ ራሱ ይምጣ» አሉ በመጨረሻ። «በእግሩ። በዚያ ባለጌ ማሽን የመጣውን አልቆጥረውም። እናንተም አሁን ተቀመጡ።»

ባለሱቁ ይህን ነግሮኝ ሲያበቃ፣ «ተቀመጡ ብለውናል፤ ተቀምጠናል፤ የቀረውን አንተ ጨርሰው» አለኝ። ከሸጥኩት ሻማ አንዱን በርካሽ መስጠቴንም በዚያው ወቀሰኝ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ከፈረንሳይ ሰፈር በኩል ዳገቱን በእግሬ ወጣሁት። ጫማዬን እናቴ ጠርጋልኛለች፤ ግንባሬ ላይ ያለው እብጠት ወደ አረንጓዴ ተለውጧል። ቅጠል የተሸከሙትን እናት መንገድ ላይ አገኘኋቸውና ቆሜ፣ ሳይነጥቀኝ፣ ሙሉውን ሰላምታ ሰጠኋቸው። «እግርህ ዳነልህ?» አሉኝ።

ሽማግሌው እዚያችው ወንበር ላይ ናቸው። ልጃቸው በሩቅ ቆማ ታየናለች። ሲያዩኝ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡና «ኖር» አሉኝ።

«በእግዜር» ብዬ ልወርድ ስል «ቆይ» አሉ። ከዘራቸውን ለወንበሩ አስደገፉት። ቀርበው ሁለት ትከሻዬን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«በሃይማኖቱ ነገር ገና እንጣላለን» አሉኝ።

«እሺ አባባ።»

«ብዙ እንጣላለን። ዕድሜ ይስጠን እንጂ።»

«አሜን።»

«በል አሁን ጎንበስ በል» አሉኝ። «ይዤሃለሁ።»